ያልፈጠነ ልብ

ኢንስፔክተር አስካለ አዳራሹ ስትደርስ ዶክተር ናትናኤል የሟቿን የሞት ምክንያት ጽፎ ጨርሶ ነበር። ፈርሞበታል፤ ቀኑንም አስፍሮበታል። የቀረው የፖሊስ ፊርማ ብቻ ስለሆነ ብዕሩን ዘርግቶ ጠበቃት።

«እዚህ ጋ» አላት በጣቱ እያመለከተ።

አስካለ ብዕሩን አልተቀበለችም። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ስድስቱን ያሳለፈችው በፖሊስነት ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው አትወድም። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መነጽር አድርጋ ወደ ወለሉ ጎንበስ አለች።

ነርስ ሩት ከብረት አልጋው ሥር በጀርባዋ ተዘርግታለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከራሷ ኋላ የፈሰሰው ደም በሸዋ ሮቢት የሐምሌ ሙቀት ከወዲሁ ደርቆ ጠቁሯል። የግራ ክንዷ ላይ የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ታስሯል፤ ማሽኑ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ከማሽኑ ጎን የተሞላ ቅጽና ብዕር አለ።

«ራሷን በራሷ ስትመረምር ነው» አለ ዶክተሩ። «ተኝታ ግፊቷን ለካች። ቆመች። ግፊቷ ወረደ፣ ራሷን ሳተች፣ ከአልጋው ብረት ጋር ተጋጨች። በሕክምና ቋንቋ ብነግርሽ ስለማይገባሽ በቀላሉ ነገርኩሽ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች አስካለ። ቅጹን አነሳች። ተኝታ፦ ግፊት 134 በ84፣ የልብ ምት 97። ቆማ፣ በአንደኛው ደቂቃ፦ ግፊት 96 በ60፣ የልብ ምት 98። «እዚህ የምትሠሩት ምንድን ነው?»

ዶክተሩ ትዕግሥቱ እንዳለቀ ሰው ተነፈሰ። ሥራው ለማዕረግ ማሟያው የሚያደርገው ጥናት ነው። የሰው ልብ የሚፈጥነውና የሚዘገየው፣ የደም ሥር የሚጠበውና የሚሰፋው፣ ላብ የሚመጣው ሰውየው ሳያዝ ነው፤ ይህን ሁሉ የሚያካሂዱ ነርቮች አሉ። በውድ መሣሪያ ሳይሆን በቀላል ዘዴ ሊመረመሩ ይችላሉ፦ በጥልቅ በማስተንፈስ፣ ተኝቶ በማስነሳት፣ ብረት በማስጨበጥ፣ እጅን በረዶ ውሃ ውስጥ በመንከር። እሱም ጤነኛ የሆኑ አዋቂዎችን እየመረመረ የቆላው ሰው ልክ ስንት እንደሆነ ያጠናል።

«ለዚህ ሕዝብ የማይገባ ነገር ነው» ሲል ጨመረ። «ግማሹ የመጣው ሳሙና ይሰጣል ብሎ ነው።»

«እስኪ በራስዎ ያሳዩኝ።»

ዶክተሩ ከጠረጴዛው ላይ ጣት የምትቆነጥጥ ትንሽ የልብ ምት መቁጠሪያ አነሳ። የሰካት ግን በአስካለ ጣት ላይ ነው። «አምስት ሰከንድ ሳቢ፤ አምስት ሰከንድ አስወጪ።» አስካለ ሳበች፤ አስወጣች። ሲሳብ ቁጥሩ ሰማንያ አንድ ደረሰ፤ ሲወጣ ስልሳ ስምንት ወረደ።

«ጤነኛ ነሽ» አለ ቅር እንደተሰኘ ሰው። «አሁን ትፈርሚያለሽ?»

«ሟቿ በየትኛው እጇ ነበር የምትጽፈው?»

«የነርስ እጅ ስመለከት የምውል ይመስልሻል?»

አስካለ ሬሳው ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ፣ አዳራሹም እንዲታሸግ አዘዘች። የዶክተሩን ወረቀት አጥፋ ኪሷ ከተተች፤ አልፈረመችም።

አዳራሹ የሐጂ ሱሌይማን ነው። የማሾ ነጋዴ ናቸው፤ ከፊት ለፊት ያለውን ክፍል ለጥናቱ አከራይተው በጀርባ ያለውን መጋዘን ለራሳቸው አስቀርተዋል። አስካለ ስታገኛቸው በሩ ላይ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ የተሰበሰበው ሰው ከሳቸው ራቅ ብሎ ቆሟል። ጠዋት ከሟቿ ጋር ሲጯጯሁ መንገዱ በሙሉ ሰምቷል።

«አልዋሽሽም እትዬ» አሉ። «ጮሄባታለሁ። ጤነኛ አይደሉም ብላ ከጥናቱ አስወጣችኝ። ግፊትዎ መቶ ሰባ ነው፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ አለችኝ። ሰው ፊት! እኔ ሱሌይማን አንድ ቀን ተኝቼ የማላውቅ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ወጥቼ እዚህ ተቀመጥኩ። ንዴቱ ሲበርድልኝ አፈርኩ። ልጅቱ ለኔው ብላ ነው። ወላሂ ይቅርታ ልላት እያሰብኩ ነበር ያቺ ናርዶስ ስትጮህ የሰማሁት።»

«በዚህ በር ማን ገባ?»

«ማንም። ናርዶስ ቀድማ በረዶ ልታመጣ ወጥታለች፤ አራት ሰዓት ላይ ተመለሰች። ዶክተሩ ከዚያ በኋላ ነው የመጣ።»

«የመጋዘኑ በርስ?»

ሐጂ ሱሌይማን ቀስ ብለው «ወደ ጓሮ የሚያስወጣው ነው?» አሉ። «ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ እኔ ጋ። አንዱን ለዶክተሩ ሰጥቻለሁ፤ መኪናውን በዚያ በኩል ጥላ ውስጥ ላቁም ብሎ።» አንገታቸውን ደፉ። «እኔም ግን ቁልፍ አለኝ። ይኼንንም ጻፊው።»

አስካለ ጻፈችው። በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው ባየች ቁጥር የሚሰማትን አክብሮት ለማንም አታሳይም።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ናርዶስ ግን ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ከሩት ጋር ረቡዕ ዕለት ተኳርፈዋል። አንዲት ብቻ የምትላክበት የውጭ ሥልጠና መጥቶ ነበር፤ ዶክተሩ ለሁለቱም ለየብቻቸው ቃል ገብቶላቸዋል።

«ለሁለታችሁም?»

«አዎ። የገባኝ ዛሬ ነው» አለች ናርዶስ። «ረቡዕ ከሰዓት ሩት እሱ ቢሮ ገብታ ስትናገር ሰማሁ። ‹እስከ ቅዳሜ እጠብቅዎታለሁ። እርስዎ ካልሄዱ እኔ እሄዳለሁ› አለችው። ሥልጠናውን ማለቷ መሰለኝና ሰደብኳት። ሳልታረቃት ቀረሁ፣ እትዬ አስካለ።»

«በየትኛው እጇ ነበር የምትጽፈው?»

«በግራ። ቅጽ በሞላች ቁጥር ቀለሙን በክንዷ ጠርጋ ታበላሸዋለች።»

«ራሷን ስትለካስ ጨርቁን የት ታስራለች?»

«ቀኝ ክንዷ ላይ። የታሰረው እጅ መንቀሳቀስ የለበትም፤ በግራዋ ነዋ የምትጽፈው።»

«የበረዶ ሣጥኑን ማን ነው የሚይዘው?»

«እኔ በረዶውን እጨምራለሁ። ከሥሩ ያለችውን ቁልፍ ያላትን ዕቃ ግን አንከፍትም። መመርመሪያ ኬሚካል ነው ብሎናል ዶክተሩ።»

ዓርብ ጠዋት ሦስት ነገሮች ወደ አስካለ ጠረጴዛ መጡ።

መጀመሪያ የመጣው የሆስፒታሉ ሐኪም ስልክ ነበር። የራስ ቅሏ ከኋላ ተሰብሯል፤ ነገር ግን በሁለቱም ክንዶቿ ላይ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ የሰው አውራ ጣት ያረፈበት ሰንበር አለ። አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ጨምድዶ ይዟታል፤ ገፍትሯታልም።

ሁለተኛው ማሽኑ ነው። የግፊት መለኪያው የለካውን ሁሉ ከነሰዓቱ ያስቀምጣል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ልኬቶች በፈረንጅ ሰዓት 9:38 እና 9:44 ላይ የተወሰዱ ናቸው፤ በኛ ከሦስት ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ብሎ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ቅጹ ላይ ካሉት ጋር አንድ ናቸው። የማይሻር ማስረጃ ይመስል ነበር። አስካለ ግን የሩትን የቀድሞ ቅጽ ከመዝገቡ አወጣች፤ ጥናቱ ሲጀመር የቡድኑ አባላት መጀመሪያ የተመረመሩት እርስ በርሳቸው ነበርና። ሩት ተኝታ 108 በ70፣ ልቧ 66። ቆማ 106 በ74፣ ልቧ 82። የዶክተሩም ቅጽ አለ፤ ቁጥር አንድ ተብሎ። ሁሉም ነገሩ ጤነኛ ነው። የተጻፈው በራሱ በዶክተሩ እጅ ነው፤ ቀለሙም አልተጠረገም።

ሦስተኛው ከሩት የኪራይ ክፍል የተገኘ ደብተር ነበር። የገጾቹ ግራና ቀኝ በተጠረገ ቀለም ተበላሽቷል። አንድ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ቁ. 1፣ ጥልቅ ትንፋሽ፦ ልዩነት 2። ተደገመ፦ 2።» ከሥሩ ከሳምንት በኋላ በተለየ ቀለም፦ «ሣጥኑን አየሁ። ሚያዝያ 9፣ ድልድዩ?»

አስካለ የትራፊክ ባልደረባዋን የሚያዝያ ዘጠኝን መዝገብ ጠየቀች። አነበበችው። ከዚያ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አውጥታ ሄዳ የበረዶ ሣጥኑን ከፈተችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የጣራው ቆርቆሮ በፀሐዩ ይንጣጣል። ሁለት ፖሊሶች በር ላይ ቆመዋል። ዶክተሩ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል።

አስካለ አልቸኮለችም። አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ እንዳሉ የሐሙስን ጠዋት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደገመችላቸው። ከዚያ ያቺን ጣት የምትቆነጥጥ መቁጠሪያ ከኪሷ አወጣች።

ዶክተሩ ሳቀ። «ውሸት መመርመሪያ አደረግሻት? የፈራ ሰው ልቡ ይመታል፣ ያልፈራ አይመታም ብለሽ? ይኼን እኮ የሰፈር ሴቶችም ያውቁታል።»

«ልብ ምስክር አይሆንም ዶክተር» አለች አስካለ። «ንጹሕም ሰው ፖሊስ ፊት ልቡ ይመታል። እኔ የምፈልገው ልቡ የሚመታውን አይደለም።»

ናርዶስ ጣቷን ሰጠች። ስትስብ ዘጠና ሁለት፣ ስታስወጣ ሰባ ሦስት። ሐጂ ሱሌይማን «ቢስሚላህ» ብለው ሰጡ። በስልሳ አራት ዓመታቸው ልዩነታቸው አሥራ አንድ ሆነ። አስካለ ወደ ዶክተሩ ዞረች።

«እኔ ለማንም ትርኢት አልሠራም።»

«አይገደዱም። እንግዲያው እኔ ልናገር፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። ያነበብኩት እርስዎ ራስዎ የጻፉትን መመሪያ ነው።» ቅጹን አነሳች። «ሐሙስ ጠዋት ማሽኑ አንድ ሰው ለክቷል። ያ ሰው ሲቆም ግፊቱ በሠላሳ ስምንት ወርዷል። ልቡ ግን ከዘጠና ሰባት ወደ ዘጠና ስምንት ብቻ ነው የሄደው። እርስዎ ሲጽፉ ‹ጤነኛ ሰው ሲቆም ግፊቱ ሊወርድ ሲል ልቡ ይፈጥናል› ይላሉ። ሩት በሙቀት ደክማ ወይም ጾማ ብትሆን ልቧ እንዲያውም መዝለል ነበረበት፤ መቶ ሃያ፣ መቶ ሠላሳ። የዚህ ሰው ልብ ግን ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ ማሽኑ የለካው ሩትን አይደለም። የተለካው ነርቩ የሞተበት ሰው ነው።»

«ይኼ ሰው ማን ነው?» አሉ ሐጂ ሱሌይማን።

«ጋሽ ሱሌይማን፣ እርስዎ አይደሉም። ግፊትዎ መቶ ሰባ ነው፤ ልብዎም ይኸው ይንቀሳቀሳል። ናርዶስም አይደለችም። ሰውየው በመጋዘኑ በር በኩል በቁልፉ ገብቷል፤ ማሽኑ ሰዓት እንደሚይዝም ያውቃል። ስለዚህ ሩት ከሞተች በኋላ ውሸቱ ማሽኑ ውስጥም እንዲገኝ ፈለገ። የሞተ ክንድ አይለካም፤ የራሱን ክንድ አሰረ። ሲቆም ግፊቱ እንደሚወርድ ስለሚያውቅ በሽታውን መሣሪያ አደረገው። እሷ ተጋጭታ በሞተችበት አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ጠብቆ፣ ተነስቶ ለካ። የልብ ምቱ እንደማያሳምን ያውቃል፤ ግን ከማሽኑ የተለየ ቁጥር መጻፍ አይችልም። ፖሊስ አይገባውም ብሎ ተወው። ከዚያ ጨርቁን ከግራ ክንዱ ፈትቶ ግራ ክንዷ ላይ አሰረላት። አብራው ሁለት ወር የሠራችውን ልጅ በየትኛው እጇ እንደምትጽፍ እንኳ አይቶ አያውቅም።»

አስካለ ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይኼ በረዶ ሣጥን ውስጥ የነበረው ‹ኬሚካል› ነው። ኢንሱሊን። የመድኃኒት ቤቱ ወረቀት ላይ ስምዎ አለ። ስኳር ሲቆይ እነዚያን ነርቮች ይገድላል፤ ይኼም መመሪያዎ ላይ አለ። ሩት በመጀመሪያው ሳምንት መርምራዎት ልዩነትዎ ሁለት ብቻ ሆኖባት ደገመችው። እርስዎ ቅጹን ቀደው የጤነኛ ቅጽ ጻፉ።»

«ስኳር መታመም ወንጀል ነው?» አለ ዶክተሩ። ድምፁ አሁንም የተረጋጋ ነው። «በዚህ ምክንያት ሰው ይገደላል? ትንሽ አስቢ እንጂ።»

«ለዚያ አይደለም። ለሚያዝያ ዘጠኝ ነው።» አስካለ መዝገቡን ገለጠች። «በወንዙ ድልድይ ላይ መኪናዎ ባጃጅ ገጨ። አሪፋ የምትባል ከገበያ የምትመለስ እናት ሞተች። ‹ባጃጁ ድንገት ገባብኝ› ብለው መሰከሩ፤ ዶክተር ስለሆኑ ታመኑ። ነጂው በድሩ ሦስት ወሩ ነው ከታሰረ። እርስዎ ግን ያን ዕለት ስኳርዎ ወርዶ መሪ ላይ ራስዎን ስተዋል። ሌላ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መኪናውን ያቆማል። የእርስዎ ነርቭ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ይኼ የገባት ሩት ብቻ ነበረች። ‹እርስዎ ካልሄዱ እኔ እሄዳለሁ› ያለችው ሥልጠና አይደለም። ፖሊስ ጣቢያ ነው።»

ናርዶስ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ግምት ነው!» ዶክተሩ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። «ይኼ ሁሉ የመሃይም ግም—»

አልጨረሰውም። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ዓይኑ የሆነ ሩቅ ነገር እንደሚፈልግ ተንከራተተ፤ ከንፈሩ አመዳም ሆነ፤ የወንበሩን መደገፊያ ሊይዝ እጁን ሰድዶ አየር ጨበጠ። ናርዶስ ሳታስብ ዘላ ደገፈችው። የባለሙያ ልማድ ሆኖባት ጣቶቿ ወዲያው አንጓው ላይ አረፉ፤ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ትቆጥር ጀመር።

«ዘጠና ስድስት» አለች። ደግማ ቆጠረች። ቀና ብላ አስካለን ስታያት ፊቷ ላይ ፍርሃት ነበር። «አልጨመረም። ሊወድቅ ነው፤ ልቡ ግን ምንም አልጨመረም።»

«አስቀምጪው» አለች አስካለ። «ፈተናውን ጨርሷል።»

ዶክተሩ ደሙ ወደ ራሱ እስኪመለስ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ሲናገር የተናገረው ለአስካለ ሳይሆን ለወለሉ ነው።

«ልገድላት አልነበረም። ዝም እንድትል ነው የያዝኳት። አስቡት እስኪ፤ የሃያ ዓመት ትምህርት፣ ይኼ ሁሉ ጥናት… ለአንድ ባጃጅ ነጂ?»

ሐጂ ሱሌይማን ከተቀመጡበት ተነሱ። ዕድሜያቸውን ያህል ቀስ ብለው ነው የተነሱት፤ ቀጥ ብለውም ቆሙ።

«በድሩ ይባላል» አሉ። «ስም አለው።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት ተምረህ» አለች አስካለ፣ «የሰው ልብ ስትቆጥር ኖረህ፣ ከራስህ በቀር ሰው ያለ አልመሰለህም።» ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከዚያ ለፖሊሶቹ ጠቀሰቻቸውና ጀርባዋን ሰጠችው። ከክፍሉ ሲወጣ ካቴናው ሲንሿሿ እንኳ ዞራ አላየችም፤ ናርዶስን ውሃ እያጠጣች ነበር።

የበድሩ መፈቻ ወረቀት ማክሰኞ ደረሰ። አስካለ ራሷ ይዛው ሄደች። ረጅሙ ሰውዬ ከስቶ ተሰብሯል፤ አንገቱን ደፍቷል። የተደረገውን ሁሉ ቁጭ ብላ ነገረችው። ሳያቋርጣት ሰማ።

«ልጅቷን አላውቃትም» አለ ስትጨርስ። «ባጃጄ ላይም አሳፍሬያት አላውቅ።»

«እሷም አታውቅህም ነበር።»

በድሩ መዳፎቹን አገላብጦ አያቸው። «ታዲያ ምን ብላ?»

አስካለ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቃ አታውቅም።

ከግቢው ውጭ ዘመዶቹ የተኮናተሩት መኪና ቆሟል። ሚስቱ ጣይባ ስታየው እየሮጠች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ «ወደ ቤት!» አለ።

«ቆይ» አለ በድሩ። ወደ አስካለ ዞረ። «ለቅሶው አልተነሳም አይደል? የወላጆቿ ቤት የት ነው?»

«ቀወት ገጠሩ ውስጥ ነው። ከአስፋልቱ ወርደህ አንድ ሰዓት የእግር መንገድ አለው።»

ጣይባ የሻሿን ጫፍ አጥብቃ አሰረች። በድሩ ገብቶ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ።

«መጀመሪያ እዚያ ውሰደን» አለው።